እታለምን የምትፈልገው ሴት

ጌጥነሽ ስለ አፋሯ ሴት የሰማችው ከነጃት ነው። ነጃት የከሚሴ ልጅ ናት። ነርስ ሆና ቆቦ ተመድባ ስትመጣ ከጌጥነሽ ግቢ አንዷን ክፍል ተከራየች፤ ከገባች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ከሥራ ስትመለስ የቀኑን ወሬ ሳታወራ ወደ ክፍሏ አትገባም። ያን ቀን ከጥምቀት በኋላ የመጀመሪያው ገበያ ነበር። ጫማዋን በረንዳው ላይ እያወለቀች ጀመረች።

«እትዬ፣ ዛሬ ገበያ ላይ አንዲት አፋር ሴት አይቼ አንጀቴን በላችው። ሰሌን ትሸጣለች። ግን ከመሸጡ ይልቅ በየተራው እየዞረች ሰው ትጠይቃለች። ‹እታለም የምትባል ሴት ታውቃላችሁ?› ትላለች። የአባት ስም የለ፣ ሰፈር የለ። ሰዉ ይስቅባታል። ‹እኔ ነኝ እታለም› እያሉ ሲያላግጡባት አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየአገሩ ገበያ ስትፈልግ ኖራ ቆቦ ገና አሁን መድረሷ ነው አሉ።»

ጌጥነሽ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው እየለየች ነበር። እጇ ቆመ።

«ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

«ምንም። ለማኝ ትሆናለች፣ ተያት።»

ነጃት ትንሽ አየቻትና ወደ ክፍሏ ገባች።

በቆቦ ከተማ እታለም የምትባለው ሴት ጌጥነሽ ራሷ ነበረች። እናቷ ስትሞት አራት ታናናሾቿን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እታለም ያሏትም እነሱ ናቸው። ልጇ ባንተአምላክ አፉን ሲፈታ ከአክስቶቹና ከአጎቶቹ የሰማውን ይዞ እናቱን እታለም አላት፤ በዚያው ቀረ። ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆች ስለሳቁበት በሰው ፊት «እማ» ማለት ጀመረ፤ እታለም የቤት ውስጥ ስም ሆነ። ከታናናሾቿ አንዱ ጅቡቲ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ገቡ፣ አንዷ ሞተች። ባንተአምላክ ከጠፋ ወዲህ ቆቦ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም።

የጠፋው ጦርነቱ ቆቦ በደረሰ ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ብየዳ ይሠራል። የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በዞብል በኩል ወደ አፋር ሸሸ። አልሄድም ብሎ ነበር። የእሷ እግር አብጦ መንገድ አይችልም፤ ጥያት የት እሄዳለሁ ብሎ በር ላይ ቆመ። «ሂድ ብዬሃለሁ፣ ሂድ!» ብላ የገፋችው ራሷ ናት። ጓደኞቹ ከወር በኋላ ተመለሱ። እሱ ግን መንገድ ላይ እግሩ ለከዳው፣ ማንነቱን ለማያውቁት ሽማግሌ ብሎ ወደ ኋላ ቀርቷል። «እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ጌጥነሽ ያልጠየቀችው መሥሪያ ቤት፣ ያላስቆመችው መንገደኛ አልነበረም። አንድ ጊዜ ባሕታዊ ነኝ የሚሉ ሰው በከተማው ሲያልፉ እግራቸው ሥር ወድቃ ጠየቀቻቸው። «ልጅሽ በሕይወት አለ፤ ለልደት ይመጣል» አሏት። የየትኛው ዓመት ልደት እንደሆነ አልተናገሩም። ጌጥነሽ ያንን ቃል ይዛ ኖረች። ሦስት ልደት አለፈ። በእያንዳንዱ የልጇን አንሶላ አጥባ አነጠፈች፣ ዶሮ ሠራች፣ የሠራችውን ለጎረቤት አካፈለች። ጠዋት ጠዋት ማርያም ደጅ ቆማ ጸሎቷ አንድ ነው፦ «ጌታዬ ሆይ፣ አንድ ቃል ላክልኝ።»

አሁን አንዲት የአፋር ሴት ያንን ስም ይዛ መጥታለች። ከየት ታገኘዋለች? ከአንድ አፍ ብቻ ነው። ስሙን ይዛ የመጣችው ደግሞ ሴትየዋ ናት፤ ልጁ ራሱ አልመጣም። ጌጥነሽ እዚህ ድረስ አሰበችና ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለገችም። ሽንኩርቱን መልቀም ቀጠለች። ደህናውን ከበሰበሰው ጋር ደባልቃ አገኘችውና እንደገና ጀመረች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አሞኛል ብላ ቤት ዋለች። በሌላው ግን ሽንኩርቱ ሊበላሽ ሆነ፤ ከለመደችው ቦታ ርቃ፣ ከእህል ተራው ጀርባ ሸራዋን ዘረጋች። ፀሐዩ ሲበረታ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ሳብ አደረገች። ሴትየዋ የመጣችው ያኔ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙም የማትርቅ ሴት ናት። ጥቅልል ሰሌን በትከሻዋ ተሸክማለች፤ አቧራው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ከሸራው ፊት ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ እታለም ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ልጅ አላት። ረጅም ነው። ጥርሱ፣ እዚህ፣ ክፍት ነው።» በጣቷ የራሷን የፊት ጥርስ አሳየች። «ሲስቅ በእጁ ይሸፍናል።»

ባንተአምላክ ፍንጭቱን የሚሸፍነው በግራ እጁ ነበር። ሴትየዋም ያሳየችው በግራ እጇ ነው።

«አላውቅም አልኩሽ! ሂጂ ከዚህ!»

«የሱ አደራ አለብኝ። እሱ...»

«ዝም በይ!» ጌጥነሽ ብድግ አለች። የራሷ ድምፅ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «ኧረ ሰዎች፣ ይቺን ሟርተኛ አስነሡልኝ! ምን አድርጌሽ ነው? ምን ልታወርጅብኝ ነው የመጣሽው?»

ሰው ተሰበሰበ። ምን እንደተባለ የሰማ የለም፤ ሁሉም ግን የጌጥነሽን ኀዘን ያውቃል። አንዷ ሴት አፋሯን በትከሻዋ ገፋቻት። ሰሌኖቹ ተፈትተው መሬት ላይ ተበተኑ፤ አንዱን በግ ረገጠው። የፍየል ደላላው ፈንታው ከዳር ሆኖ በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገራት፤ ሂጂ ማለቱ ነበር። ሴትየዋ አልመለሰችለትም። ሰሌኖቿን አንድ በአንድ ሰብስባ፣ አራግፋ ጠቀለለች። ከዚያ ጌጥነሽን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«እሺ፣ እህቴ» አለች፤ ሄደች።

ጌጥነሽ ያን ቀን የሸጠችውንም ያልሸጠችውንም አታስታውስም። ቤቷ ገብታ ተኛች። ነጃት ቴርሞሜትር ይዛ መጥታ ግንባሯን ዳበሰች፤ ትኩሳት የለም።

«ገበያ ላይ የሆነውን ሰማሁ» አለች ነጃት ቀስ ብላ። «እትዬ ጌጥነሽ፣ እንኳን በሰው በእንስሳም ጨክነው አያውቁም።»

«ሟርት ተናገረችብኝ።»

«ምን አለች?»

ጌጥነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነጃትም አልጨቀጨቀቻትም፤ አጥሚት ሠርታ አጠገቧ አስቀምጣ ወጣች።

በሳምንቱ የነፍስ አባቷ ቄስ ታረቀኝ ጠበል ሊረጩ መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። የወትሮውን ጸልየው ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ ወለተ ሥላሴ፣ ያንን አንድ ቃል እንዲልክልሽ አብረን እንለምን» አሉ፣ በክርስትና ስሟ እየጠሩ። በየወሩ እንደዚህ ነው የሚጨርሱት። ጌጥነሽ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ ከንፈሯ ግን እንቢ አላት።

«አባ፣ ልኮልኛል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ቃሉን ልኮልኛል። እኔ ነኝ ያባረርኩት።» ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። የስሙን፣ የጥርሱን፣ የግራ እጁን፣ መሬት ላይ የተበተነውን ሰሌን። «እታለምን አላውቃትም አልኩ፣ አባ። ራሴን ካድኩ። ልጄንም ካድኩ።»

ቄስ ታረቀኝ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«የሚመጣው እንደዚህ አልመሰለኝም ነበር» አለች ጌጥነሽ። «በሕልም ይሆናል፣ ወይ በእርስዎ አፍ፣ ወይ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ‹እታለም› ይለኛል እያልኩ ነበር። አፋር ናት፣ አባ። እስላም ናት። አማርኛውንም በቅጡ አትችለው። ስንት ካህን፣ ስንት መነኩሴ እያለ እግዚአብሔር ልጄን በእሷ አፍ ይነግረኛል?»

«ያ ነው ያስቆጣሽ?»

ጌጥነሽ አሰበች። «አይደለም» አለች በመጨረሻ። «እሱስ ሰበብ ነው። ሴትየዋ አፏን ስትከፍት ልጄ እንደሚሞትብኝ አወቅሁ። እስከዚያች ሰዓት በሕይወት ነበረ።»

ቄሱ ጉልበታቸውን እያሻሹ ከአጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ተቀምጠው አይታቸው አታውቅም።

«እኔም ልናዘዝልሽ» አሉ። «ያ ሰውዬ ‹ለልደት ይመጣል› ያለሽ ጊዜ ልቤ አልተቀበለውም ነበር። ግን ፊትሽ ሲበራ አየሁና ዝም አልኩ። ሦስት ልደት ሙሉ አንሶላ ስታነጥፊ እያየሁ ዝም አልኩ። ደስ የሚለውን ቃል ሁሉ ከላይ ነው ስንል፣ የሚያምመውን ደግሞ ሟርት ስንል ኖርን። ቃሉ የእሱ ነው፣ ልጄ። በማን እንደሚልከው እኛን አያማክርም። ያቺ ሴት ምን አላት? ገፏት፣ ሳቁባት፤ ሁለት ዓመት ተመላለሰች። ለገንዘብ ነው እንዳልል የጠየቀችው ነገር የለም። እንዲህ ያለ መልእክተኛ እኔ ራሴን ጨምሮ በቆቦ ካህናት መካከል አላውቅም።»

«ምን ላድርግ?»

«ፈልጊያት።»

በሚቀጥለው ገበያ ጌጥነሽ ሽንኩርት አልያዘችም። ሰሌን ተራውን ከዳር እስከ ዳር ዞረች፤ ሴትየዋ የለችም። በሌላው ገበያም የለችም። ስሟን እንኳ ስለማታውቅ «ያቺ እታለምን የምትፈልገው» እያለች ነበር የምትጠይቀው። ፈንታውን ፍየሎቹ መካከል አገኘችው።

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ያስባረርሻት?» አለ ፈንታው፤ ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ሳቁ።

«እኔው ነኝ። አሁን ደግሞ እኔው እየፈለግኋት ነው።» ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እታለም እኔ ነኝ፣ ፈንታው። ልጄ ነበር እንደዚያ የሚለኝ» አለች።

ፈንታው የያዘውን የፍየል ጆሮ ለቀቀ።

«ይቅር በይኝ» አለ ፈንታው። «እኔም እኮ ሂጂ ብያታለሁ። ኡሙሃኒ ነው ስሟ። አገሯ ከዞብል ወዲያ ነው፤ በእግር አንድ ቀን ተኩል ይሆናል። ፍየል የሚያመጡልኝ የእሷ ዘመዶች ናቸው። ዛሬውኑ እልክባታለሁ። ምን ልበል?»

«እታለም ተገኝታለች በላት። ከመጣች እግሯን አጥባለሁ በላት።»

ኡሙሃኒ በስድስተኛው ቀን መጣች። ጌጥነሽ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ የግቢውን በር ስትከፍት ከውጭ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሌሊቱን ተጉዛ ነው የደረሰችው። ሰሌን አልያዘችም።

«እታለም እኔ ነኝ» አለች ጌጥነሽ።

«አውቃለሁ። ያን ቀን አወቅሁ። ፊትሽ የሱ ፊት ነው።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዝም ብለሽ ሄድሽ?»

«አንቺ እንቢ አልሽ።» ኡሙሃኒ ቃሉን ፈልጋ አገኘችው። «ይሄ ነገር ከባድ ነው። እጅ ሳይዘረጋ አይሰጥም፣ ይወድቃል። ትቆይ፣ ኋላ ትዘረጋለች አልኩ።»

ጌጥነሽ እጇን ይዛ አስገባቻት። የተናገረችውን አልረሳችም፤ ውሃ አሙቃ የመንገዱን አቧራ ከእግሯ አጠበች። ኡሙሃኒ እያፈረች እግሯን ልትሰበስብ ስትል ያዘቻት። ነጃት ለሥራ ለብሳ ከክፍሏ ስትወጣ ሁለቱን አይታ በር ላይ ቀረች። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ከጌጥነሽ ጀርባ ተቀመጠች፤ የሚመጣው ምን እንደሆነ ገብቷታል።

«አሁን ንገሪኝ» አለች ጌጥነሽ።

ኡሙሃኒ ነገረቻት። አማርኛው ሲያጥራት በእጇ እየሞላች።

ልጁ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሽማግሌ በጀርባው ተሸክሞ። መጀመሪያ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ሰው፣ ግን ሁለት ራስ ያለው መስሏቸው ልጆቿ ሸሹ። ሽማግሌው አንድ ቀን አደረና ሞተ። ልጁ ያኔ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ቢሆንም መቃብሩን እኔ ነኝ የምቆፍረው አለ። ባሏ አካፋውን ከእጁ ሊቀማው ሞከረ፣ አልሰጥም አለ። ቆፍሮ፣ ቀብሮ፣ እዚያው ወደቀ። መድኃኒት አልነበረም። የጤና ጣቢያው ሰው ሸሽቷል፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል።

«ውሃ ሩቅ ነው» አለች ኡሙሃኒ። «የሚመጣውም ጨው ጨው ይላል። ያስመልሰዋል። ወተት አመጣሁለት፣ የፍየል። እንቢ አለ። ‹ጾም ነው፣ የማርያም ጾም ነው› አለኝ። እኔም ረመዳን አውቃለሁ፤ የታመመ አይጾምም አልኩት። እንቢ አለ። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። እኔ ልጅ አለኝ። እሱን ሳይ የኔን ልጅ አየሁ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ያኔ አየኝና ‹አታልቅሺ፣ እጠጣለሁ› አለ።»

«ጠጣ?» አለች ጌጥነሽ።

«ጠጣ።»

«ብዙ ጠጣ?»

«በመጀመሪያው ቀን ትንሽ። ኋላ ብዙ። ሦስት ቀን ጠጣ። ስሰጠው ይስቃል፣ ጥርሱን ይሸፍናል። እየጠጣ ነው ያንቺን ነገር የነገረኝ። የሱ ስም ረጅም ነው፣ ጠፋብኝ፤ ያንቺን ያዝኩ። በመጨረሻው ጠዋትም ጠጥቷል።»

ጌጥነሽ ዓይኗን ጨፈነች። ልጇ ከጠፋ ጀምሮ ውሃ ወደ አፏ ባስጠጋች ቁጥር በዚያ በረሃ ጉሮሮው ደርቆ ታየዋለች። ለማንም አልተናገረችውም፤ ለነፍስ አባቷም። በንዳዱ ወራት ጥሟት እያለ ጣሳውን መልሳ ያስቀመጠችበት ቀን ብዙ ነው። «ሂድ» ብላ የገፋችው እሷ ናት፤ የላከችው ወደ ጥም ነው ብላ ነበር የምታምነው። አሁን አንዲት ሴት ከፊቷ ተቀምጣ፣ ጠጣ አለቻት።

«አንድ አደራ ሰጠኝ» አለች ኡሙሃኒ። «‹እታለምን ፈልጊያት። ጾም ገደፍኩ በያት። ለአባ ትንገርልኝ፣ እሷም አትቆጣኝ። እዚህ እናት አግኝቻለሁ በያት።› ከዚያ ተኛ። ፀሐይ ወደ ላይ ስትወጣ ነፍሱ ወጣ።» እጇን ወደ አንገቷ አስጠጋች። «በአንገቱ ክር አለ፣ መስቀል ያለው። ላንቺ ላምጣልሽ ብዬ ነበር። ባሌ ከለከለኝ። ‹የሃይማኖቱ ነው፣ አይፈታም፣ ከሱ ጋር ይሁን› አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ባዶ እጄን መጣሁ።»

«ባዶ እጅሽን አልመጣሽም» አለች ጌጥነሽ። ይህን ስትል እንባዋ መጣ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አልቅሳ አታውቅም፤ በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም ብላ። ኡሙሃኒ ትከሻ ላይ ተደፍታ፣ ድምፅ አውጥታ፣ «ባንቴ! ባንቴ!» እያለች አለቀሰች። ኡሙሃኒም በራሷ ቋንቋ አለቀሰችለት። ነጃት ነጠላዋን አደግድጋ ጎረቤት ለመጥራት ወጣች፤ እሷም መንገዱን የምታየው በእንባ ውስጥ ነበር።

በዚያው ጠዋት ድንኳን ተተከለ። ሰፈሩ በሙሉ መጣ፤ ለሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያጠራቀመው ልቅሶ ነበር። ያን ቀን ገበያ ላይ ኡሙሃኒን የገፋቻት ሴት ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ፣ አፋሯ ከጌጥነሽ ቀኝ፣ በቅርብ ዘመድ ቦታ ተቀምጣ አየች። መግባትም መመለስም አቅቷት ቆመች።

«ግቢ» አለቻት ጌጥነሽ። «እህቴ ናት። ልጄን በሁለተኛ እናትነት የቀበረችው እሷ ናት። ያስገፋኋት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም።»

ሴትየዋ ገብታ ኡሙሃኒን በሁለት እጇ ጨበጠቻት።

ቄስ ታረቀኝ ጸሎቱን አድርሰው ሲጨርሱ ጌጥነሽ የልጇን አደራ በሰው ፊት ነገረቻቸው፤ ጾም ገደፍኩ ማለቱን። ቄሱም እንዲህ አሉ፦ «አልገደፈም። የታመመ ሰው ጾም የለበትም። የማያውቀውን ሽማግሌ በዚያ ሐሩር ተሸክሞ የሄደ ልጅ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ጾም አለ? ወተቱን ያጠጣችውንም እጅ እግዚአብሔር ይባርከው።»

ፈንታው ለኡሙሃኒ በአፋርኛ ነገራት። ኡሙሃኒ ደግማ ጠየቀችው፤ ደግሞ ነገራት። ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና እያለቀሰች በአፋርኛ ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?» ጠየቀች ጌጥነሽ።

ፈንታው ተረጎመላት። «እኔ አልቅሼ ሃይማኖቱን አስጣስኩት፣ በሰው ልጅ ነፍስ ላይ ኃጢአት አደረግሁ ብላ ስትፈራ ኖራለች። ልጁን ከቀበረች ጀምሮ እንቅልፍ እንዳልነበራት ነው የምትናገረው። አልሐምዱ ሊላህ፣ አሁን ቀለለኝ ነው የምትለው።»

ጌጥነሽ የኡሙሃኒን እጅ ጉልበቷ ላይ ሳበችው።

በየካቲት መጨረሻ ጌጥነሽ፣ ቄስ ታረቀኝና ነጃት ወደ ኡሙሃኒ አገር ሄዱ። እስከሚያስኬደው በአይሱዙ፣ ከዚያ ለቄሱ አህያ ተፈልጎላቸው። መቃብሩ ሁለት ነው፤ ጎን ለጎን፣ ዙሪያቸውን ድንጋይ ተከቧል፣ በላያቸው እሾህ ተደርጎባቸዋል አውሬ እንዳይነካቸው። ጌጥነሽ በልጇ ላይ አለቀሰች። ስትረጋጋ ወደ ሌላው ዞረች።

«የሽማግሌው ስም ማን ነበር?»

ኡሙሃኒ ራሷን ነቀነቀች። «ልጅሽም አላወቀም። ‹ዋጃ፣ ዋጃ› ይል ነበር ሽማግሌው። የቀኝ እጁ ትንሹ ጣት የለችም። ሌላ አላውቅም።»

ቄሱ ለሁለቱም ፍትሐት አደረጉ። የሽማግሌው ስም ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ «አንተ የምታውቀው ባሪያህ» ብለው አለፉ።

ከዚያ በኋላ ጌጥነሽ የሽማግሌውን ቤተሰብ ፍለጋ፣ ለቆቦ ቅርብ ወደሆነችው ዋጃ ከተማ መመላለስ ጀመረች። በሚኒባስ ትሄዳለች፤ በገበያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በመስጊዱም በር እየቆመች ትጠይቃለች። አንዳንዱ ያዝንላታል፣ አንዳንዱ ሳይሰማት ያልፋል፤ አንድ ጎልማሳ ከርዳታ ድርጅት የመጣች መስሎት ስሙን እንድትመዘግብለት ተከተላት። በአራተኛው ጉዞዋ የጠየቀችው ባጃጅ ነጂ፣ «ጣት የሌለው ሽማግሌ ነበር፤ የሴት ልጁ ቤት ያውና» ብሎ አደረሳት። በሩን የከፈተችው አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ጌጥነሽ የትንሿን ጣት ነገር ገና አንሥታ ሳትጨርስ የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ።

«አባቴ ሱዳን ነው ያለው» አለች። «በስልክ አግኝተነዋል የሚሉ አሉ። ማን ላከሽ? ሂጂልኝ።»

በሩ ተዘጋ።

ጌጥነሽ አላንኳኳችም። ከበሩ ፊት ለፊት ከግራር ሥር ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ከውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ፣ ከዚያ ዝም ሲል፣ ከዚያ ሰው በሩ አጠገብ ሲመጣና ሲመለስ ይሰማታል። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። የመመለሻው ሚኒባስ ጥሩንባውን እያሰማ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ፀሐዩ ወደ ዳገቱ ሲያዘነብል በሩ በትንሹ ተከፈተ። የሴትየዋ ዓይን ቀልቷል።

«ጠምቶሽ ይሆናል» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሣ። «ግቢ።»